ደም ተሰጥቶህ ያውቃል?

እልፍነሽ መጠየቅ የማይሰለቻት ሰው ነበረች። ደብረ ታቦር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትማር የባዮሎጂ አስተማሪዋ እጇ ሲወጣ ባየ ቁጥር ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ጥያቄዋ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃላ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ለጥቂት አመለጣትና ሁለት ዓመት ቤት ከተቀመጠች በኋላ በኮንትራት ሳዑዲ መጣች። ደማም፣ አል ነኺል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ሥራ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗት ነበር።

ማዳሟ ዶክተር ዋርዳ ትባላለች። ከተማው ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ላቦራቶሪ ትመራለች። ሥራዋ የኩላሊት ሰጪና ተቀባይ ሰውነታቸው ይስማማ እንደሆነ መመርመር ነው። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ልጆቹ ተኝተው ስለምታገኛቸው ምሳዋን ኩሽና ውስጥ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ትበላለች። እልፍነሽ ዕቃ እያጠበች ትጠይቃታለች፤ ዋርዳም የማንንም ስም ሳትጠራ የዋለችበትን ትነግራታለች። የእልፍነሽ ዐረብኛ የተቃናው በዚህ ወሬ ነው።

አንድ ቀን እልፍነሽ፣ የአንዱ ኩላሊት ለሌላው እንደሚሆን በምን እንደሚታወቅ ጠየቀቻት። ዋርዳ የልጆቹን የቀለም እርሳሶች አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ነጭ የደም ሴሎቻችን ላይ ምልክቶች አሉ አለቻት፤ የሰውነት ዘበኞች «ይህ የቤት ሰው ነው፣ ይህ እንግዳ ነው» የሚሉት እነሱን አይተው ነው። ልጅ ከአባቱ አንድ እፍኝ፣ ከእናቱ አንድ እፍኝ ምልክት ይወርሳል። አባትም እናትም ግን ሁለት ሁለት እፍኝ ስላላቸው የትኛውን እንደሚሰጡ አይታወቅም። ስለዚህ ወንድምና እህት ሙሉ በሙሉ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በግማሽ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ በአንድም ምልክት ላይገናኙም ይችላሉ።

«በምንም የማይገናኙት እህትና ወንድም አይደሉም ማለት ነው?»

«ናቸው እንጂ። ከአራት አንዱ እንዲህ ይሆናል።»

ዋርዳ ልታርፍ ስትሄድ እልፍነሽ እርሳሶቹን በአራት ከፍላ እያገጣጠመች ሞከረችው። እውነትም ከአራት አንድ ጊዜ ምንም አይገናኙም። ሽንኩርቱ ሊያርርባት ሲል ነው ቀና ያለችው።

የቤቱ ሾፌር ሙሄዲን የጅማ ሰው ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ሲቀልድም ፊቱን ኮስተር አድርጎ ስለሆነ ልጆቹ ቀልዱ የሚገባቸው ዘግይቶ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ጠዋት ጠዋት ፊቱ ማበጥ ጀመረ። የደም ግፊቱ ሳይታወቅ ኩላሊቶቹን ጨርሷቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ በቀሩት ቀናት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል። ታናሽ እህቱ ፈርዶሳ ኾባር አንድ ቤት ትሠራለች። የእሱን ነገር በሰማች ሳምንት የራሷን አንድ ኩላሊት እንደምትሰጠው ተናገረች። የደም ዓይነታቸው አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ካፊሏም፣ አሠሪዋ ማለት ነው፣ ፈቀደላት። ሁለቱም ለምርመራው ደም ሰጥተው ውጤት መጠባበቅ ያዙ።

አንድ ሐሙስ ዋርዳ ምሳዋን ሳትነካ ተቀመጠች። እልፍነሽ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ዋርዳ የማይፈታ ነገር እንደገጠማት ነገረቻት። አንድ ሰው አለ አለች፤ ኩላሊት ሊቀበል ነው፣ የምትሰጠው እህቱ ናት፣ በግማሽ ይመሳሰላሉ። የእህትየውን ነጭ ሴሎች ከእሱ የደም ውሃ ጋር አገናኝተው ሲያዩት ትንሽ ነገር ታየ። አይሆንም እንዳይሉ ያንሳል፣ እንዳላየ እንዳያልፉት ይበዛል። ስለዚህ ወደ ዶቃዎቹ ሄዱ። ዶቃዎቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምልክት ለብሰዋል። የሰውየው የደም ውሃ ሲፈስባቸው ወደ መቶ የሚጠጉት ሁሉ ዝም ሲሉ አንዱ ብቻ በራ። እሱም እህቱ ያላት፣ እሱ የሌለው ምልክት ነው።

«ሰውነቱ ያን ምልክት ከዚህ በፊት ያውቀዋል» አለች ዋርዳ። «የት ተዋወቀው? ያልገባኝ እሱ ነው።»

ሰውነት የሌላን ሰው ምልክት የሚያውቀው በሦስት መንገድ ነው ብላ ቆጠረችላት፤ በእርግዝና፣ የሌላ ሰው አካል ሲተከል፣ ወይም የሌላ ሰው ደም ሲገባ። ይኼ ወንድ ነው። ምንም ተተክሎለት አያውቅም። ጭኑ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ፤ ሐኪሙ ሲጠይቀው አገሩ ሞተር ሳይክል ጥሎት እንደሆነ፣ ደም ግን እንዳልተሰጠው ተናግሯል። ፎርሙም ላይ «ደም ተሰጥቶህ ያውቃል?» ለሚለው «አያውቅም» ብሎ ፈርሟል።

«እና ዶቃው ተሳስቶ ይሆን?»

«ይሳሳታል። ምልክቱ ዶቃው ላይ ሲለጠፍ አንዳንዴ ይጨማደዳል፤ የደም ውሃው የሚይዘው ጭምድዱን እንጂ ምልክቱን አይደለም። ሰውየው እውነቱን ከሆነ እንዲህ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ። እሑድ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ይወስናሉ።»

«እውነቱን ካልሆነስ?»

ዋርዳ ውሃ ጠጣች። ያኔ ሰውነቱ አልረሳም ማለት ነው አለች። አዲሱ ኩላሊት በገባ በቀናት ውስጥ የተኙት ዘበኞች ይነሱበታል። ካልተዘጋጁበት ኩላሊቱ ይሞታል፤ እህቱም በከንቱ በአንድ ኩላሊት ትቀራለች።

እልፍነሽ የማን ነገር እንደሆነ ወዲያው ገብቷታል። አፏ ላይ የመጣውን ስም መለሰችው። ዋርዳም ሳህኗን ይዛ ስትነሳ ትንሽ አየት አደረገቻትና ወጣች።

በማግስቱ ዓርብ ሙሄዲን የቤቱን አስቤዛ ሊገዙ እልፍነሽን ይዞ ወደ ኾባር ነዳ። መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። እልፍነሽ ከቤት እስኪወጡ ስታስበው ያደረችውን አጀማመር ሁሉ ረሳችው፤ በቀጥታ ጠየቀችው።

«ሙሄዲን፣ ደም ተሰጥቶህ ያውቃል?»

መሪውን እንደያዘ ማን እንደነገራት ጠየቃት። ማንም ስሙን እንዳልጠራ ማለችለት። ከዚያ የዶቃዎቹን ነገር፣ አንዱ ብቻ እንዴት እንደበራ፣ ሦስቱን መንገዶች፣ ሁሉንም ማዳሟ እንደነገረቻት አድርጋ በአማርኛ አስረዳችው። ስትናገር የገበያውን መግቢያ አልፈው እንደሄዱ ሁለቱም ልብ አላሉም። የባሕሩ ዳር መንገድ፣ ኮርኒሽ ጋ ሲደርሱ ነው መኪናውን ዳር ያቆመው። ባሕሩ ፊት ለፊታቸው ነበር።

እዚያ ተቀምጦ ነገራት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በጀልባ የመን ተሻግሮ ነበር። ከስድሳ የሚበልጡ ልጆችን አሳፍሮ ወደ ድንበሩ ይገሰግስ የነበረ የጭነት መኪና ተገለበጠ፤ ብረቱ ጭኑን ተረተረው። ዓይኑን የገለጠው ከድንበሩ ብዙ በማይርቅ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን ነው። አጠገቡ ቦንሳ የሚባል የመንገድ ጓደኛው ተቀምጦ ነበር። «ደሜን ሰጥቼሃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ» አለው። ድንበሩን ሳያይ የረድኤት ሰዎች በአውሮፕላን አገሩ መለሱት። ከአራት ዓመት በኋላ በሕጋዊ ኮንትራት ሲመጣ ደላላው የጤና ምርመራ ፎርሙ ላይ ለሚጠየቀው ሁሉ «የለም» በል አለው፤ አለም፤ ሆስፒታሉም ሲጠይቀው ያንኑ ደገመ።

«አሁን አዎ ብል የት ይሉኛል» አላት። «የመን እላለሁ። እዚያ ምን ትሠራ ነበር ይሉኛል። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ቢሰርዙት ወደ አገሬ እሸኛለሁ፤ እስክደርስና እጥበት እስከማገኝ ስንት ቀን እቆያለሁ? ሁለተኛ ደግሞ፣ ሰውነቱ እምቢ ይላል ከተባለ ኦፕራሲዮኑ እንደሚቀር ከበሽተኞቹ ሰምቻለሁ። ዝም ብል የሚጎዳ ካለ እኔው ነኝ።»

«ኩላሊቱ ግን የፈርዶሳ ነው» አለችው እልፍነሽ።

እሱም መኪናውን አስነሳ። ወደ ገበያው ተመለሱ፤ የታዘዙትን ገዙ፤ ቲማቲሙን ረሱት። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ለማዳም እንዳትነግርበት ለመናት። ከእሷ አፍ እንደማይወጣ ቃል ገባችለት። ቀጥላም እሑድ ሩቅ እንዳልሆነ አስታወሰችው።

ያን ምሽትና ቅዳሜን እልፍነሽ ተጨንቃ አሳለፈች። ቃሏን ብትጠብቅ ሁለት ሰው ሊጎዳ ነው። ብታፈርስ ደግሞ ሰውየው ለፈራው ነገር በር የከፈተችው እሷ ትሆናለች። ዋርዳ ኩሽና በገባች ቁጥር ዕቃ ማጠቢያው ላይ ታቀረቅራለች። እሑድ ጠዋት ዋርዳ ከመውጣቷ በፊት እሱ ካልተናገረ ራሷ እንደምትናገር ወስና ጨርሳ ነበር።

ሙሄዲን ግን ቅዳሜ ለፈርዶሳ ደወለላት። እውነቱን ሊነግራት ሲጀምር፣ እሷ መጀመሪያውኑ ታውቀው ኖሯል። ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እያነከሰ ሲመለስ ቁስሉን የምታጥብለት እሷ ነበረች፤ ደም እንደተሰጠው ለእናታቸው ሲያወራ ሰምታለች። ለሐኪሞቹ የነገራቸው መስሏት ነበር። እሷን ደግሞ የጠየቋት ስለራሷ ብቻ ነው።

«ነግረሃቸው ኩላሊቴን ቆርጠው ቢያወጡት ደስ ይለኛል» አለችው። «ደብቀሃቸው ግን የኔን ነገር ሆድህ ውስጥ አታስቀምጥ።»

እሑድ ጠዋት ዋርዳ ከቤት ስትወጣ ሙሄዲን የመኪናውን በር ከፍቶ አልገባም፤ ቆመ። እልፍነሽ ከኩሽናው መስኮት ታያቸው ነበር። በኋላ እንደነገራት ያለው ይህን ነው፤ ማዳም፣ ፎርሙ ላይ የጻፍኩት ልክ አይደለም፤ ደም ተሰጥቶኛል። ዋርዳ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። ስንት ከረጢት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ራሱን ስቶ ስለነበር አላወቀም። አገሩን ሊናገር አፉን ሲከፍት እጇን አነሳች።

«አገሩን አልጠየቅኩህም። ላቦራቶሪው የሚፈልገው ዓመቱንና የከረጢቱን ብዛት ነው። እኔ ጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ሰው አይደለሁም።»

በዚያ ቀን ስብሰባ ኦፕራሲዮኑ እንዲዘገይ ተወሰነ። አልተሰረዘም። ዋርዳ የደሙ ነገር ከምን እንደመጣ በደንብ እንዲጣራ ፈለገች፤ ሙሄዲንም ቦንሳን መፈለግ ጀመረ። የስልክ ቡድኖች ውስጥ ድምፅ ላከ፤ የጅማ ልጆች ለአርሲ ልጆች አስተላለፉት፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቦንሳ ሻሸመኔ ወፍጮ ቤት ከፍቶ እንደሚኖር ታወቀ።

ሲደውልለት እልፍነሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ኩሽና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱ መጀመሪያ በኦሮምኛ ብዙ ተሳሳቁ። ከዚያ ሙሄዲን ስልኩን ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ የምትጽፍ እህት አለችና በአማርኛ ንገረን አለው። ስንት ከረጢት ነበር? ሁለት፣ አለ ቦንሳ፤ በደንብ ያስታውሳል፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት። ሁለቱም ያንተ ነበሩ ወይ ብላ እልፍነሽ ጠየቀችው። በስልኩ ውስጥ የወፍጮው ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«የኔ አልነበረም» አለ ቦንሳ። «ልሰጥህ ክንዴን ዘርግቼ ነበር። አይሆንም፣ አይገጥምም አሉኝ። አንዱን የክሊኒኩ ዘበኛ ሰጠህ፤ የመናዊ ነው፣ ሽበት የጀመረው። ሁለተኛውን ልጇን ልታሳክም የመጣች ሴት። ስትነቃ ታለቅስ ነበር፤ ብቻህን እንዳልሆንክ እንዲሰማህ ብዬ ነው የዋሸሁህ።»

ሙሄዲን ስልኩን ወደ ራሱ ሳበው። እልፍነሽ የተቆጣ መስሏት ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዱዓ የማደርገው ላንተ ነው» አለው።

«ደርሶኛል» አለ ቦንሳ። «ይኸው ወፍጮው እየዞረ ነው።»

ሙሄዲን ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ለእልፍነሽ አቀብሎ ወደ ግቢው ወጣ። እሷም ቦንሳን ብዙ ጠየቀችው፤ ዘበኛው ስሙ ማን ነበር፣ ሴትየዋስ ልጇ ዳነ ወይ፣ ያን ቀን ከመካከላቸው ደም የሚገጥመው ፈልጎ ያገኘው ማን ነው። ቦንሳ የሚያስታውሰው ዘበኛው ደሙን ሰጥቶ እንደተነሳ ተመልሶ በሩ ላይ መቆሙን ብቻ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ነው ያንን ምልክት ትቶበት የሄደው? ዋርዳ ይህን ማወቅ እንደማይቻል ነገረቻት። ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ምልክቱ ነበራቸው፤ ከዚህ በላይ ደሙ አይናገርም። ነገሩ ግን ከእልፍነሽ ሐሳብ አልወጣም። እንዲህ በሩቅ ከምትሰሚው ነይና እዪው ብላ ዋርዳ በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታሉን አስፈቅዳ ወሰደቻት።

ላቦራቶሪው እልፍነሽ እንዳሰበችው አልነበረም። የሚፈላ ነገር የለ፣ ቀለም የለ፤ ፍሪጅ የሚመስሉ ማሽኖችና ኮምፒውተሮች ናቸው። ነጭ ጋዋን አልብሰው ምንም እንዳትነካ ነገሯት። አንዲት ሠራተኛ ደም ያለበትን ብልቃጥ ማሽን ውስጥ አዙራ ስታወጣው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነበር፤ ከታች ቀዩ፣ ከላይ ቢጫ ውሃ፣ በመካከል እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሰንበር። የሚፈለጉት ነጭ ሴሎች ያሉት ያ ክር ውስጥ ነው። እልፍነሽ ዓይኗን አስጠግታ አየችው። ሰው ከሰው የሚስማማው ወይም የማይስማማው በዚህ መሆኑን ለማመን ቸገራት።

ዋርዳ ስክሪኑ ላይ ሁለት ኮረብታ የሚመስሉ መስመሮች አሳየቻት። አንዱ ምንም የማያውቅ የደም ውሃ የሚያወጣው ነው፤ ሌላው የዚያ ሰው ነው። ሁለተኛው ወደ ቀኝ ጥቂት ገፋ ብሏል። በጣት ቢለካ የጥፍር ስፋት አይሆንም።

«በዚህ ነው የምንጣላው?» አለች እልፍነሽ።

«በዚህ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔም ላሳልፈው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሕክምናው ተጀመረ። ያን ምልክት የሚያውቀውን የደም ክፍል የሚያጣራ ማሽን አለ፤ ሙሄዲን ከእጥበቱ ሌላ ለእሱም አምስት ጊዜ ተኛ። የሰውነቱን ዘበኞች የሚያደክም መድኃኒት ሰጡት። ከእያንዳንዱ በኋላ ደሙ ወደ ላቦራቶሪው ይሄዳል፤ እልፍነሽም ዋርዳ ምሳዋን ስትቀርብ ኮረብታው የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። መጀመሪያ አልተነቃነቀም። ከሦስተኛው በኋላ ወደ ግራ ተመለሰ ተባለ። ከአምስተኛው በኋላ ሁለቱ ኮረብታዎች ተደራረቡ።

ኦፕራሲዮኑ የተደረገው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። ፈርዶሳ ቀድማ ገባች። እልፍነሽ የዚያን ቀን እንድትቀመጥ ተፈቅዶላት ኮሪደሩ ላይ ዋለች። ከሰዓት ላይ አንድ ሐኪም ወጥቶ፣ ኩላሊቱ ገና ሲገጠም ቀልቶ ሽንት ማውጣት እንደጀመረ ነገራት። እልፍነሽ ለምን ቀላ ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ ደክሞት ነበር፤ ግን ቆሞ መለሰላት።

በአምስተኛው ቀን የሙሄዲን ምርመራ ተበላሸ። ሽንቱ ቀነሰ፣ ሙቀቱ ጨመረ። ዘበኞቹ የድሮውን ምልክት አስታውሰው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ይህ ሊመጣ እንደሚችል ስላወቁ መድኃኒቱም ማሽኑም ዝግጁ ነበር፤ በዚያው ዕለት ጀመሩለት። ሦስት ቀን እየወጣ እየወረደ ቆየ። ፈርዶሳ ጎኗን በእጇ ደግፋ እየተራመደች ክፍሉ በር ድረስ ትሄድና አይታው ትመለሳለች። «የኔ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበርኩ» ብላ እልፍነሽን አሳቀቻት። በአራተኛው ቀን ደሙ ውስጥ ሳይጣራ የቀረው ቆሻሻ መጠን መውረድ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ዋርዳ ያን ሳምንት ያላሰለሰ ሥራ ላይ ነበረች። ነገሩ ሲረጋጋ ለእልፍነሽ በአጭሩ ነገረቻት፤ ሳያውቁ ገብተውበት ቢሆን ኖሮ በአምስተኛው ቀን ምን እንደሆነ ሲፈልጉ ኩላሊቱ ያልቅ ነበር። ምስጋና አልጨመረችበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከሥራ ስትመጣ የቆዩ የባዮሎጂ መጻሕፍት ይዛላት ትመጣለች፤ እልፍነሽም እየተነተነች ታነባለች፤ ያልገባትን ታሰምርበታለች። የምታሰምርበት ይበዛል።

ፈርዶሳ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በሁለተኛው ወር ኾባር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከባድ ነገር እንዳታነሳ ማዳሟ አንዲት ረዳት ጨምራላታለች። ሙሄዲን ወደ መኪናው የተመለሰው በአራተኛው ወር ነው። በመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹን አድርሶ ሲመጣ ኩሽና ገብቶ አንድ ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ከፈተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ በሲኒ እየተለካ ሲሰጠው ነበር፤ አሁን ሐኪሙ በቀን ሦስት ሊትር ካልጠጣህ ብሎታል። ውጭ አርባ አራት ዲግሪ ነበር። ቆሞ ጠርሙሱን እስከ ግማሹ ጠጣ፤ ተነፈሰ፤ ቀሪውንም ጨረሰው።

እልፍነሽ እጇን በፎጣ እያደረቀች ታየው ነበር።

«ምን ምን ይላል?» አለችው።

አሰበበት። «ቀዝቃዛ ነው» አላት፤ ሌላም ጠርሙስ ለማውጣት ፍሪጁን ከፈተ።